ሞተር የጣለ ቡሎን

«እሜቴ ወለተጻድቅ! ኧረ ይውጡልኝ እሜቴ! ልጄን ሊሰቅሉብኝ ነው!»

አልማዜ የግቢውን በር በሁለት እጇ ትደበድባለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት ይጠርጋል። ከኮልፌ ገበያ በላይ ያለውን ይህን ቤት የማያውቅ የለም፤ ነገር የገባበት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደዚህ ነው። እመት ወለተጻድቅ ባላቸው በሞቱ ጊዜ የባላቸው ወንድሞች ርስታቸውን ሊነጥቋቸው ቢነሡ፣ ነገረ ፈጅ ሳይወክሉ በራሳቸው አፍ ተሟግተው የረቱ ሴት ናቸው። ምስክር ሲጠይቁ ላብ የሚያሰምጠው ምስክሩን ብቻ ሳይሆን ዳኛውንም ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከብት ጠፍቶ ወይም ጎተራ ተቃጥሎ አገሩ ለአውጫጭኝ ሲከተት፣ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ተብሎ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ፣ እሳቸውን ሳያስጠራ የሚጀምር ዳኛ አልነበረም። ጣሊያን አዲስ አበባ ገብቶ ዳኛውንም ችሎቱንም ከበተነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የእመት ወለተጻድቅን ምላስ ግን ሊበትነው አልቻለም።

«ትንፋሽሽን ሰብስቢና ንገሪኝ። ማን ነው የሚሰቅለው?»

«የጣሊያኖቹ አለቃ፣ ማሬሻሎው ነዋ! አቶ ዱባለ ሞቱ እሜቴ። ጋራዡ ውስጥ ሞተር ወደቀባቸው። የማንሻ ቡሎን የሚገባበትን የሞተሩን ቀዳዳ የጠገነው አምሐ ነው፣ ሆን ብሎ አበላሽቶታል ብለው ልጄን ከምሰሶ ጋር አስረውታል። ቀትር ላይ ይሰቀላል አሉ።»

እመት ወለተጻድቅ የዱባለን ስም ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይወዷቸው ነበር። ከዚያ ካባቸውን ደረቡ፣ ዘንጋቸውን አነሡ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ አንድ ጧፍ መዘዙ።

«ጧፍ ምን ያደርግልናል?» አለች አልማዜ እያለቀሰች።

«ለብርሃን አይደለም። ነይ ተከተይኝ።»

ጋራዡ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አቶ ዱባለ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እየደረደሩ ሠሩት፤ ጣሊያን ሲገባ ነጠቃቸውና መልሶ በገዛ ቤታቸው የመካኒኮች አለቃ አድርጎ ቀጠራቸው። ይህን ውርደት የዋጡት በምክንያት ነው ብሎ የሚያንሾካሹክ ነበር። እኔም እላለሁ፣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ አልተሸነፈም።

አሁን ሬሳቸው በጋቢ ተሸፍኖ በግድግዳው ሥር ሳንቃ ላይ ተጋድሟል። ከአጠገባቸው ባለቤታቸው ሰርኬ ፊቷን ነጭታ ተቀምጣለች፤ ነገሩ ሳያልቅ ሬሳው አይነሣም ተብሏል። በመሀል ወለሉ ላይ ያረጀ የጭነት መኪና ሞተር በጎኑ ወድቋል። ከበላዩ የማንሻው ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ በሰንሰለቱ መንጠቆ ላይ ደግሞ ከሞተሩ የተነቀለው ባለ ቀለበት ቡሎን እንዳለ አለ።

ማሬሻሎ ብራንዲኒ በሩ ላይ ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ወደ አምቦ የሚወጣው ጭነት በአሮጌ መኪኖቹ ምክንያት ስለቆመበት ፊቱ ጠቁሯል። ከጎኑ አስተርጓሚው ወንድይፍራው አለ። ወንድይፍራውን ኮልፌ አይጠላውም። እንደ ሌሎቹ አስተርጓሚዎች ደረቱን ነፍቶ አይሄድም፤ ሰው ሲታሰር «እኔ አነጋግራቸዋለሁ» ይላል፣ አንዳንዱንም አስፈትቷል፤ ጨው ሲጠፋ ጨው ያስገኛል።

«እሜቴ፥ እዚህ ምን አመጣዎት? ሰውዬው ተቆጥቷል» አለ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሣ።

«እኔም ተቆጥቻለሁ። እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ አቶ ወንድይፍራው፦ ጥፋተኛ ነው የምትፈልገው ወይስ ሬሳ? ሬሳ ከሆነ አንድ አለልህ። ጥፋተኛ ከሆነ ግን የተሳሳተ ሰው ብትሰቅል ትክክለኛው እዚሁ ይቀርና ነገ ሌላ ሞተር ይጥልብሃል። በአገራችን ሥርዓት እስከ ቀትር ላውጣልህ።»

ወንድይፍራው ነገሩን በጣሊያንኛ አለዝቦ አቀረበው። ማሬሻሎው አሮጊቷን ከእግር እስከ ራስ አያት፣ ሰዓቱን አየ፣ በትከሻው እሺ አለ።

እመት ወለተጻድቅ መጀመሪያ ያደረጉት ቡሎኑን ከመንጠቆው ማውለቅ ነበር። በጣታቸው ዳበሱት። ቀጭን የመዳብ ሽቦ በላዩ ላይ እንደ ድር ተጠምጥሟል፤ ግማሹ ተፍቆና ተበጣጥሶ ይንጠለጠላል። በጥርሱ መሀል ነጭ ቅባት አለ። የኮልፌ ጠዋት ብርዱ ገና አልለቀቀም፤ ቅባቱ ግን ጣታቸው ሲነካው እንደ ቅቤ ተዳጠ። አሸተቱትና ፊታቸውን ቋጠሩ። ከዚያ በወደቀው ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው ጧፉን በእጃቸው አሙቀው ሲለሰልስ ቡሎኑ ወደነበረበት ቀዳዳ ጠቅጥቀው አስገቡት። ጥቂት ቆይተው በቀስታ እያዞሩ አወጡት። ሰሙ ላይ የቀዳዳው ጥርስ አንድም ሳይጎድል ታትሞ ወጣ። ሰሙን በሻሽ ጠቀለሉትና ቡሎኑን ጨምረው ኪሳቸው ከተቱ።

ወደ አምሐ ሄዱ። እጁን ወደኋላ ታስሮ ከምሰሶው ጋር ቆሟል፤ ከንፈሩ አብጧል፣ ዓይኑ ግን መሬት አላየም።

«ቀዳዳውን ምን አደረግኸው?»

«የድሮው ጥርስ ተበልቶ ነበር እሜቴ። ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አሰፋሁት፣ አዲስ ጥርስ ቆረጥኩለት። ከዚያ ባልደረባዬ ደሜ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው፣ ያወጣውን ቦኮላ አስገባሁበት፤ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቱቦ ነው። ከድሮው ይበልጥ ይይዛል።»

«መያዙን ማን አየ?»

«አቶ ዱባለ ራሳቸው። ትናንት ማታ ሞተሩን በዚያው ቡሎን ሰቅለው እላዩ ላይ ተንጠለጠሉበት፤ ሳቁም። ከዚያ አውርደን በእንጨት ላይ አሳረፍነው። ጠዋት መልሰን ስለምናነሣው ቡሎኑን አልፈታነውም። እኔ ኪዳን አድርሼ ስመጣ ሞተሩ በላያቸው ነበር።» ወደ ሬሳው ዞሮ አየ። «ይስቀሉኝ፣ ግድ የለም። በእጄ ሥራ ሞቱ ሲሉ ግን መስማት አልችልም።»

«ጥርሱን ስትቆርጥ በምን ቀባኸው?»

«በኑግ ዘይት ነዋ። በሁዳዴ ሞራ ማን ይነካል?»

ደሜ ቶርኖው ዘንድ ቆሟል፤ ከሆሳዕና አገር የመጣ፣ የሚሲዮን ክርስቲያን፣ አፉ የማያርፍ ሰው። ትናንት ከአቶ ዱባለ ጋር ሲጨቃጨቅ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉት።

«በሞራ ነው! ብረት ሲቆረጥ ሞራ ነው የሚሻለው። እሳቸው ግን በሁዳዴ ከአንድ መሶብ ለሚበሉት ጿሚዎች ሲሉ ጋራዡ ውስጥ ሞራ አይገባም ብለው ከለከሉ። እኔ አልጾምም፣ ግን ጌታዬ ናቸው፤ እየተነጫነጭኩም ቢሆን ታዘዝኩ። ቀንዱ ከቅበላ ወዲህ ባዶ ነው፣ ይዩት።»

ከጥግ የተሰቀለውን የሞራ ቀንድ አወረደው። ውስጡ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አፉ ላይ ሸረሪት አድርታበታለች።

«ቡሎን በመዳብ ሽቦ ጠቅልለው ይገጥማሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እሱ የመንገድ ሾፌር ብልሃት ነው እሜቴ። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ሲገጥመው ሽቦውን በቡሎኑ ጥርስ መሀል መሀል እያስተኛ አጥብቆ ያስገባዋል። እቤቱ ያደርሰዋል፤ ሸክም ግን አይችልም። አቶ ዱባለ ይህን ያደረገ ሾፌር ሲያገኙ አይምሩም ነበር። ለጣሊያን ሾፌሮች ሳይቀር በወንድይፍራው አፍ ስንቴ አስነግረዋል።»

በግድግዳው ላይ ባለ ቀለበት ቡሎኖች በምስማር ተሰቅለው ተደርድረዋል። አቶ ዱባለ ከወፍራም ወደ ቀጭን ያስቀመጧቸው እጅ በጨለማም እንዲያገኛቸው ነው። እመት ወለተጻድቅ ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳለፉባቸው። ቡሎኑ እየሳሳ ሄደ፣ ሄደና ድንገት ወፈረ፣ ከዚያ መልሶ ሳሳ። ጣታቸውን ሰብስበው አለፉ።

ወንድይፍራው በቢሮው በር ላይ አገኛቸው።

«የዚህ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» አሉት።

«አንዱ ከአቶ ዱባለ፣ አንዱ ቢሮው ውስጥ። እሜቴ፥ እኔ በሰው መሀል ነገር መዝራት አልወድም…»

«እንግዲያው አይዝሩ።»

«…ግን የአልማዜ ልጅ አንገት ነው። ደሜ ሞራ ተከለከልኩ ብሎ ትናንት ሲዝትባቸው ሰምቻለሁ። ያን ቡሎን ደህና አድርገው ይዩት። እኔማ ብዕር እንጂ መፍቻ ጨብጬ አላውቅም፤ ምን አውቃለሁ?»

«እውነትዎን ነው» አሉ እመት ወለተጻድቅ። «መፍቻ የጨበጠ እጅ አይደለም።»

ሰርኬ ከሬሳው አጠገብ አልተነሣችም። እመት ወለተጻድቅ እግራቸውን አጥፈው ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ።

«ማታ ምን አሉሽ?»

«ያለፈው ወር የተሰቀሉትን ሁለቱን ሾፌሮቻችንን ያውቋቸዋል» አለች ሰርኬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በመናገሻ ዱር ላሉት አርበኞች የጥይት እርሳስ አቀበላችሁ ተብለው። ማታ 'እነሱን ያስበላውን ሰው አወቅሁት፤ ነገ ዓይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ' አሉኝ። ስሙን ብጠይቃቸው 'ካወቅሽው ፊትሽ ያጋልጥሻል' ብለው እምቢ አሉ።»

«የራሳቸው ፊት ነው ያጋለጣቸው» አሉ እመት ወለተጻድቅ። «ዱባለ የጠሉትን ሰው ፈገግ ብለው ማሳለፍ መቼ ይችሉበታል።»

ከዚያ ተነሥተው ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው የጣሊያኖች ወጥ ቤት ዞሩ። እዚያ ውኃ የሚቀዳ አለ፣ እንጨት የሚፈልጥ አለ፣ ድስት የሚያጥብ አለ። ማን ምን እንደነገራቸው እኔም አልጽፍም። በአውጫጭኝ ሥርዓት ምስጢሩን ያወጣ ሰው ወፍ ይባላል፣ ወፍ ስሟ አይጠራም። ሲመለሱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ይዘዋል፤ ራቅ አድርገው ነው የያዟት።

ፀሐይ አናት ልትደርስ ስትል ሰው ሁሉ ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰበ። መካኒኮቹ፣ ሾፌሮቹ፣ ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። አልማዜ ከልጇ እግር ሥር ወድቃለች። ማሬሻሎው በርሜል ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል፤ ሁለት ወታደሮቹ ገመዱን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

እመት ወለተጻድቅ መሀል ወጡ።

«ዳኛ የለንም» አሉ። «ዳኞቻችንን የት እንዳደረሱብን ይህ የተቀመጠው ሰውዬ ያውቃል። ሥርዓታችን ግን አለ። አቶ ወንድይፍራው፥ ይተርጉሙለት እንጂ!»

ወንድይፍራው አጭር ነገር ተናገረ። ከተባለው ግማሹ እንኳ አልነበረም።

«በመጀመሪያ ይህንን እዩ» ብለው ሰሙን ከሻሹ ፈትተው ለሰዉ ሁሉ አሳዩና በማሬሻሎው ጉልበት ላይ አኖሩት። «ይህ አምሐ የጠገነው ቀዳዳ መልክ ነው። ጥርሱ አንድ ያልጎደለው ቀዳዳ እንዴት ሞተር ይጥላል? ደግሞም ጥርስ ተበልቶ ቡሎን ከተነቀለ የተበላው ብረት በቡሎኑ ላይ ይቀራል። እዚህ ቡሎን ላይ ያለው መዳብ ነው። የአምሐ ሥራ ጥፋት የለበትም።»

ወንድይፍራው ተረጎመ። ማሬሻሎው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሰም ነው ይላል፤ በሰም ሰው አይፈታም» አለ ወንድይፍራው፣ እንዳዘነ ሰው ቀስ ብሎ።

«በሰም ካልሆነ በሰው ይሁን። ደሜ፥ ከቡሎኖቹ መሀል ቦታው ያልሆነውን አምጣልኝ።»

ደሜ ወደ ድርድሩ ሄዶ ገና ሲያየው ተሳደበ። ከቀጭኖቹ መሀል ወፍራሙን አወረደ። «ይህማ የሞተሩ ነው! ማን ነው እዚህ የሰቀለው?»

«ግጠመውና ሞተሩን አንሣው። አምሐን ፍቱት፤ ከሥሩ ይቆማል።»

አልማዜ ጮኸች። ማሬሻሎው ሲነገረው ሳቀና አንድ ነገር አለ። ይህን እንኳ ወንድይፍራው ሳያጓድል ተረጎመው፦ «ከወደቀበት ገመድ ይቆጥብልኛል ይላል።»

«እቆማለሁ» አለ አምሐ። «በእጄ ሥራ ሥር እተኛለሁም።»

ደሜ ሰንሰለቱን ሳበ። ሞተሩ ከወለሉ ተነሣ፣ ተወዛወዘ፣ ከሰው ቁመት በላይ ወጣ። አምሐ ሄዶ ከሥሩ በጀርባው ተጋደመ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ማሬሻሎውን ትክ ብሎ አየው። ደሜ መዶሻ አንሥቶ ሞተሩን ከጎኑ መታው፤ ሰንሰለቱ አቃሰተ፤ ቡሎኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ማሬሻሎው ከበርሜሉ ወርዶ ቀረብ ብሎ ቀና ብሎ አየ። ሳቁ ጠፍቷል። አምሐ ራሱ ሲበቃው ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ።

«እንግዲህ ሞተሩን ማን ጣለው ወደሚለው እንግባ» አሉ እመት ወለተጻድቅ። «ሌሊት አንድ ሰው በቁልፍ ገብቶ ወፍራሙን ቡሎን ፈታ። ቀለበቱ አንድ ዓይነት የሆነ ቀጭን ቡሎን አውርዶ በሽቦ ጠቅልሎ ተካው። ዱባለ ማታ የፈተሹትን ቡሎን ጠዋት አልተጠራጠሩትም፤ ሞተሩን አነሡ፣ ማረፊያውን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ሽቦው ሸክሙን ሲያገኝ ተፋቀና ለቀቀ። ይህን የመካኒክ ሥራ ነው ትላላችሁ። ደሜ፥ ይህን ሽቦ እየው።»

ደሜ ቀጭኑን ቡሎን አገላብጦ አየ። «ማን ነው ይህን ያደረገ? ሽቦው በጥርሱ መሀል አልተኛም። ሴት ፈትሏን በእንዝርት እንደምትጠመጥም ነው የጠመጠመው!»

«የጠመጠመው ሰው ብልሃቱን ሰምቶታል እንጂ ሠርቶት አያውቅም። የፈታውንም ወፍራም ቡሎን ቀጭኑን ባወረደበት ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ለእሱ ቡሎን ሁሉ አንድ ነውና። እዚህ ከቆሙት መካኒኮች ይህን የሚሳሳት አለ?»

«የለም!» አሉ ሰዎቹ።

«ቁልፍ የሚያገኝ፣ መፍቻ ያልለመደ፣ የሽቦውን ነገር ደግሞ ደጋግሞ የሰማ ሰው ነው። ዱባለ ሾፌሮቹን ሲቆጡ ነገሩን በአፉ ያመላለሰው ማን ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ወንድይፍራው መተርጎሙን ትቷል።

«እሜቴ፥ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር…»

«ገና አልጨረስኩም። ሞራ ተከለከልኩ ብሎ ደሜ ሲጨቃጨቅ ሰምተሃል።» እርስዎ ማለታቸውን እዚያው ላይ ተዉት። «ቡሎኑን ነጭ ቅባት ብትቀባው ሰዉ ሁሉ ደሜ ነው ይላል ብለህ አሰብክ። የጭቅጭቁን መጀመሪያ ሰማህ፣ መጨረሻውን ግን አልሰማህም። ደሜ ታዟል። በዚህ ቤት ከቅበላ ወዲህ ሞራ የለም። ከገበያም አታገኝም፤ በሁዳዴ ማን ያርዳል? ስለዚህ ነጭ ነገር ካለበት ቦታ ሄድክ። አይጥ በበላ ዳዋ ይመታ ነበር፣ ለጥቂት! የበሬ ሞራ ግን በዚህ ብርድ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይኸኛው ጣቴ ላይ ተዳጠ።»

ቡሎኑንና የኮባ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ማሬሻሎው ሄዱና አፍንጫው ሥር አቀረቡለት። ማሬሻሎው አንዱን አሸተተ፤ ሌላውን አሸተተ።

«ስትሩቶ» አለ ግር እያለው።

«ምን አሉ? ተርጉምልን እንጂ!»

ወንድይፍራው ከንፈሩን ላሰ። «ሞራ ነው… አሉ።»

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ደሜ ጮኸ። «ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ወጥ ቤታቸው ስንሸከምላቸው የኖርን ሰዎች ይህ ይጠፋናል?»

ግቢው ተንጫጫ። አንዱ ሾፌር «በሁዳዴ፣ በክርስቲያን እጅ!» ብሎ አማተበ። እመት ወለተጻድቅ ዘንጋቸውን መሬት መቱ።

«ለታመመ ፈረስ መድኃኒት ነው ብሎ ይህ ሰው ትናንት ማታ ከወጥ ቤቱ ስብ በጣሳ ይዞ ወጣ። ወፍ ነግራኛለች። አንተ የየትኛው ፈረስ ባለቤት ነህ ወንድይፍራው? አሁን ምርጫው ያንተ ነው። ዝም ካልክ ማሬሻሎህ ሞተሩን የጣለበት ማን እንደሆነ ዓይኑ አይቷል፤ ገመዱም እዚያው በሩ ላይ አለ። ለምን እንዳደረግኸው ከነገርከው ደግሞ በእኛ ፊት ነው የምትነግረው።»

ማሬሻሎው የቅጠሉን ስብ ወደ መሬት ጥሎ አስተርጓሚውን በጣሊያንኛ ጠየቀው። ወንድይፍራው ገመዱን አየ። ከዚያ ቃላቱ ተከታትለው ወጡ፣ ሁሉም በጣሊያንኛ። እኔ የእናንተ ሰው ነኝ አለ። ሁለቱን ሾፌሮች ለፖለቲካ ቢሮ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ይጠየቅልኝ አለ። ዱባለ አውቆብኝ ነበር፣ ሊያስገድለኝ ነበር አለ። ያን ሁሉ ጊዜ በሁለት ቋንቋ መሀል ብቻውን የቆመ ይመስለው ነበር። ሁለት ዓመት እየታዘዘ የኖረ ሕዝብ ግን የአዛዡን ቋንቋ ከጥፊው ጋር ይማራል። ከሾፌሮቹ እስከ ተሸካሚዎቹ ያልሰማ አልነበረም፤ የተሰቀሉት ልጆች ስም ሲጠራማ ሰርኬም ከሬሳው አጠገብ ተነሥታ ቆመች።

ማሬሻሎው ዙሪያውን አየ። የሁሉም ሰው ፊት አንድ ሆኖ አየው። ጆሮ ጠቢ ከታወቀ በኋላ ምን ይሠራለታል? «ባስታ» አለ፣ በቃ ማለቱ ነው፤ እጁን ዘርግቶ የቢሮውን ቁልፍ ተቀበለው፤ ከደረቱ ላይም ምልክቱን ነቀለበት። ለወታደሮቹ ገመዱን እንዲጠቀልሉ አዘዘ። ፍርድ አልነበረም፤ የማይጠቅም ዕቃ መጣል ነበር። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ሞተር ጣለብኝ ብሎ ሊሰቅለው የነበረውን ሰው፣ ሰው ገደልኩ ሲለው ማረው።

ከዚያ ወደ አምሐ ዞሮ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ ከውጭ የቆመውን መኪና፣ ቀጥሎ ሰዓቱን አሳየው። ዛሬ ይገጠም ማለቱ ነው። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

አምሐ የገመዱ ሰንበር ያለበትን እጁን አሻሸ።

«ኖ» አለ።

ይህን ቃል በዚያ ጋራዥ ውስጥ ለማሬሻሎ ያለ ሰው አልነበረም። አምሐ በአማርኛ ቀጠለ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ጌታዬን ሳልቀብር መፍቻ አልነካም።» በጣቱም ጋቢ የለበሰውን ሬሳ አመለከተ። ደሜ የያዘውን መዶሻ ወለሉ ላይ ለቀቀው። ከጎኑ ያለው መፍቻውን ጣለ። ከዚያ ወዲያ ብረት በብረት ላይ ሲወድቅ ግድግዳው ሁሉ አስተጋባ። የማሬሻሎው እጅ ወደ ሽጉጡ ማኅደር ሄደ፤ እዚያው ቆየ። የቆሙትን መኪኖች አየ፣ እነሱን ማንቀሳቀስ የሚችሉትን ሰዎች አየ። ሁሉንም ከገደለ ማን ይጠግንለታል?

«ዶማኒ» አለ፣ ነገ። ወታደሮቹን አስከትሎ ወጣ።

አልማዜ ልጇን አንገቱን አቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ አለቀሰች። እመት ወለተጻድቅ ግን ጊዜ አልሰጡም። «ቃሬዛ አምጡ» አሉ። «ዱባለ ሲጠብቁ ዋሉ።»

አንሥተው ወጡ። ከፊት አምሐና ደሜ፣ ከኋላ ሁለት ሾፌሮች ተሸከሙ፤ ሰርኬ ደረቷን እየመታች ተከተለች፤ የኮልፌ ሰው ከየደጁ እየወጣ ተቀላቀለ። ወንድይፍራው ከበሩ ውጭ ብቻውን ቆሞ ነበር። የሚሄድበት ቢሮ የለም፣ የሚተረጉምለት ሰው የለም። ቃሬዛው አጠገቡ ሲደርስ እንደማንኛውም ቀባሪ ጠጋ ብሎ፣ ከኋላ ያለውን ሾፌር ሊያሳርፍ እጁን ወደ ቃሬዛው እንጨት ሰደደ። እንጨቱንም ያዘ።

ሰልፉ ቆመ። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልነካውም። ልቅሶው እንኳ ተቋረጠ። ሰርኬም ደረቷን መምታት ተወች። አምሐ ወደኋላ ሳይዞር ቆሞ ጠበቀ። እመት ወለተጻድቅ በዘንጋቸው ተደግፈው ፊት ለፊታቸውን አዩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ሸክሙም ከባድ ነበር፤ ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም።

ወንድይፍራው የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየ፤ የሚያየው አላገኘም። እጁን ከእንጨቱ ላይ አነሣ።

ያን ጊዜ ሰልፉ መንገዱን ቀጠለ።